እንቁላሉን የታቀፈው ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወዳጄን «ንስሐ አትገባም እንዴ? ዘመነ ምጽአት፣ የገና መዘጋጃው ወቅት፣ እኮ ገባ» አልኩት። ፈገግ አለና «ቆይ እንጂ፣ እምነት ቀስ በቀስ ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ተረቱን እንዲህ የሚተርት ሰው ዶሮ ስትታቀፍ አላየም። አያቴ ዶሮ የምታስታቅፈው ጓዳ ውስጥ፣ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ነበር። አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ትጎዘጉዛለች። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንስታ ስንጥቅ እንዳይኖራቸው ታያለች። ከዚያ በከሰል ምልክት ታደርግባቸዋለች፤ ዶሮዋ ሌላ ብትጥልባቸው ለመለየት ነው። ከዚያ በኋላ 21 ቀን! ዶሮዋ ለመብላትና ለመጠጣት ብቻ ብድግ ትልና ሮጣ ትመለሳለች። ሌሊት ሳይቀር እንቁላሎቹን በመንቁሯ ታገላብጣለች። ገላዋ እንዲያሞቃቸው የሆዷ ላባ ይረግፋል። ትከሳለች። እኛ ልጆች ልንነካካት ስንጠጋ አያቴ «ተዉአት! ሥራ ላይ ናት» ትለን ነበር።

የራሴን ግምት ልንገራችሁ። ይህ ተረት የተወለደው በታኅሣሥ ነው እላለሁ። በጾመ ነቢያት እንቁላል አይበላም። ታዲያ የተጠራቀመው ምን ይሁን? ይታቀፋላ! የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በምትጠቀምበት በግዕዝ ሥርዓት፣ ከልደት በፊት ሦስት ሳምንታት አሉ። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27። ደምሯቸው፤ ልክ 21 ቀን ነው። ስብከት ሲገባ የታቀፈ እንቁላል ለገና በእግሩ ይሄዳል። ይህን ግምቴን በጣም እወደዋለሁ።

በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮማ ካቶሊኮች ዘንድ፣ ምጽአት አራት እሑዶች አሉት። በየሦስት ዓመቱ፣ በሦስተኛው እሑድ፣ ዝናቡን በትዕግሥት ስለሚጠብቀው ገበሬ የሚናገረው የያዕቆብ መልእክት ይነበባል። አንድ አባ ይህን ሲሰብኩ «ገበሬው የሚጠብቀው ዘርቶ ነው» ብለው ዝም አሉ። ቆየት ብለው የ12ኛው መቶ ዘመን መነኩሴ የቅዱስ በርናርዶስን ትምህርት አነሡ። ጌታ መጀመሪያ በሥጋ መጣ፣ በመጨረሻ በክብር ይመጣል፤ በመካከሉ ደግሞ በስውር ወደ ልብ ይመጣል። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ የአያቴ ጓዳ ነው፤ ያ ጨለማ ጥግ፣ ያቺ ከቅርጫቷ የማትነሣ ዶሮ።

እና እባካችሁ፣ ይህን ተረት ለቀጠሮ ማራዘሚያ አታድርጉት። ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ለማለት ሲተረት ሰምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ለንስሐ። «ቀስ በቀስ» የተባለው ስለ ታቀፈ እንቁላል ነው። ሳይታቀፍ የተቀመጠማ ውሎ አድሮ ይሸታል። ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ለወዳጄ ይህንኑ እነግረዋለሁ።