ተሳፋሪ መስለው የሚበሩ ጠባቂዎች

የበረራ ላይ የደህንነት ሠራተኞች በሲቪል ልብስ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ወንበር ይዘው የሚጓዙ የታጠቁ ጠባቂዎች ናቸው። ዋናው ሥራቸው አውሮፕላኑ በጠላፊ እጅ እንዳይወድቅ መከላከል ነው። ስለዚህ ዓይናቸው ከምንም በፊት የአብራሪዎቹ ክፍል በር ላይ ነው። ሰክሮ የሚረብሽ ወይም ከአስተናጋጅ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ሲያዩ ዘለው አይገቡም፤ ግርግሩ ጠባቂው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሆን ተብሎ የተነሳ ሊሆን ይችላላ። ካፒቴኑ መኖራቸውን ያውቃል፣ እናንተ ግን አታውቁም፣ ጥቅሙም እሱ ነው።

አሜሪካ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ወደ ኩባ የሚጠለፉ አውሮፕላኖች ሲያሳስቧት ነው። ስጋቱ ሲቀዘቅዝ ግን ቁጥራቸውን ቀነሰች፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 የሽብር ጥቃቱ ሲደርስባት የነበሯት 33 ብቻ ነበሩ። የእስራኤሉ አየር መንገድ ኤል አል ግን እ.ኤ.አ. በ1968 አውሮፕላኑ ከተጠለፈበት ወዲህ እንዲህ አልተዘናጋም።

በእኛ አገርም ታሪኩ ረጅም ነው፣ መራርም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በተደጋጋሚ ሲጠለፉ በረራዎቹ ላይ የታጠቁ ጠባቂዎች ተመደቡ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳን ቦይንግ ሰባት ወጣቶች ሊጠልፉ ሲሞክሩ ጠባቂዎቹ ተኮሱ። የተማሪዎች ንቅናቄ አባላት የነበሩትን ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱን ጨምሮ አብዛኞቹ እዚያው ሞቱ። በግርግሩ መሐል ቦምብ ፈንድቶ ወለሉን በሳው፣ አብራሪው ግን አውሮፕላኑን መልሶ በሰላም አሳረፈው። ያን ቀን አንዱ ጀግንነት ሲለው ሌላው ዛሬም ያለቅስበታል፣ ሁለቱንም እረዳለሁ።

ጠባቂዎቹ በዓለም አቀፍ ሕግ በግልጽ የተጠቀሱት ዘግይቶ ነው። በአውሮፕላን ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚመለከተው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል (እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው በ2020 ነው) አደጋው ፋታ የማይሰጥ ከሆነ የካፒቴኑን ፈቃድ ሳይጠብቁ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅድላቸዋል። ጠባቂ የሚመደበው ግን መንግሥታት ሲስማሙ ነው። ሽጉጥ ታጥቆ የሰው አገር መግባት እንዲሁ ቀላል አይደለማ!

አቅማቸውም ወሰን አለው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም የሚሄደውን የኢትዮጵያ አውሮፕላን የጠለፈው ረዳት አብራሪው ራሱ ነበር፤ ካፒቴኑ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ በሩን ቆለፈበት። ጠላፊ እንዳይገባ የተጠናከረ በር ከውስጥ ከተዘጋ ውጭ ያለ ጠባቂ ምን ያደርጋል? ሰውየው ጄኔቫ አሳርፎት በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። የስዊዝ ተዋጊ ጄቶች ደግሞ የሥራ ሰዓት ገና ስላልገባ አልተነሱም ነበር፤ አጅበው ያመጡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው።