የጓሮው ጭነት ባቡር እንዴት ይሠራል?

በጓሮ አትክልት መሃል ትንሽ ሀዲድ ዘርግቶ ባቡር ማስኬድ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። አብዛኛው ሰው ባቡሩን ለቆ፣ ቡናውን ይዞ፣ ሲዞር ያያል። ክፋት የለውም። ግን ውሎ አድሮ ይሰለቻል፣ ባቡሩ የትም አይሄድማ! አንዳንዶች ታዲያ ለባቡሩ ሥራ ይሰጡታል። ፉርጎው ከአንድ ቦታ ዕቃ ጭኖ ለሚጠብቀው ሰው ያደርሳል፣ ባዶውን ደግሞ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

በመጀመሪያ ስለ መጠን። የዛሬው የጓሮ ባቡር በሰፊው የታወቀው የኑረምበርጉ ሌማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤልጂቢ የተባለውን ምርት ካወጣ በኋላ ነው። ሀዲዱ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ናስ ነው፣ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር። ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያንሳል። ሒሳቡን ስትሠሩት የ1 ሜትር ጠባብ ሀዲድ ይመጣል፣ የስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለው ዓይነት። እግረ መንገዴን፣ የእኛ የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመርም ያው 1 ሜትር ነበር። ድሬዳዋን ወይም ለገሃርን ጓሮው ውስጥ መሥራት ያማረው ሰው ልኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነውን አዲሱን መስመር ለሚፈልግ ግን በዚያው ሀዲድ ላይ ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያነሰ (1 ለ 32) ባቡር ይሻላል። ችግሩ፣ የተለያየ መጠን አንድ ሀዲድ ላይ ስለሚሄድ ሳያዩ የገዟቸው ሁለት ፉርጎዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አባትና ልጅ ይመስላሉ።

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። አሜሪካዊው ዳግ ስሚዝ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እያንዳንዱ ፉርጎ ቁጥሩና ዓይነቱ የተጻፈበት ካርድ አለው፣ ካርዱ ኪስ አለው፣ ኪሱ ውስጥ የጭነት ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ በፊትም በጀርባም፣ ከላይም ከታችም ስለሚጻፍበት አራት መድረሻ ይይዛል። ለምሳሌ ጣሪያ የሌለው ፉርጎ መጀመሪያ ባዶውን ወደ ድንጋይ መፍጫው ይሄዳል። ቀጥሎ ጠጠር ጭኖ ወደ ግንባታ ቦታ። ከዚያ ባዶውን ወደ እንጨት መሰንጠቂያ፣ በመጨረሻም ጣውላ ይዞ ወደ ወደቡ። አንዱ ጉዞ ሲያልቅ ወረቀቱ ይገለበጣል፣ ፉርጎውም አዲስ ጉዳይ ያገኛል። ሾፌሩ አይመርጥም፣ ወረቀቱ ያዘዋል። ሰው በዛ ከተባለ ደግሞ አንዱ ስምሪት ሰጪ ይሆንና ማን መቼ እንደሚወጣ ይወስናል።

ደስ የሚለውም የሚያናድደውም ፉርጎ ማስገባቱ ነው። ባቡሩ ሦስት ፉርጎ ይዞ ወጣ እንበል፣ የመጨረሻው ለመሰንጠቂያው ነው። የመሰንጠቂያው ሀዲድ ወደ ኋላ ተገፍቶ የሚገባበት ከሆነ ቀላል ነው፦ ባቡሩ አልፎ ይቆማል፣ ባቡሩን ወደ ሌላ ሀዲድ የሚመራው መቀየሪያ ይዞራል፣ ፉርጎው ተገፍቶ ይገባል፣ ይፈታል። አፉ በተቃራኒው ከዞረ ግን ሎኮሞቲቩ ቀድሞ ይገባና ራሱ ጥግ ይይዛል። ያን ጊዜ ወይ በጎን ባለ ሀዲድ ዞሮ ከኋላ መምጣት ነው፣ ወይ ፉርጎውን ይዞ አልፎ ሲመለስ ማስገባት። ልምድ ያለው ሾፌር ሁለተኛውን ይመርጣል፣ የእውነተኛ ባቡር ሠራተኞችም ያደርጉታል።

ፍጥነት ላይ ብዙ ሰው ይስታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጭነት ባቡር በ1 ለ 22.5 ሲሰላ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ማለትም 30 ሜትር ሀዲድ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ እናንተም ከጎኑ ቀስ ብላችሁ ትራመዳላችሁ። ፉርጎ ሲያያዝ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። አንዳንዶች ከተነሱ አይቀር ብለው፣ ፍሬኑ ነፋስ እስኪሞላ ነው እያሉ ባቡሩን ያለምክንያት ያስጠብቃሉ። ለእኔ ትንሽ ተጋነነ፣ ግን ይገባኛል።

ጓሮው የራሱ ጣጣ አለው። ናስ ይበልዛል፣ ቅጠል ይወድቃል፣ ጉንዳን መቀየሪያው ውስጥ አፈር ይከምራል። ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ የሚሠራ ነገር ውጭ በየሳምንቱ ይጠረጋል። ስለዚህ ብዙዎች ከሀዲድ የሚመጣ ኤሌክትሪክን ትተው ባትሪና ሪሞት ይጠቀማሉ፣ ባትሪው ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ባለው ፉርጎ ውስጥ ይደበቃል። ወደ ኋላ ሲገፋ ቀላል ፉርጎ ጠባብ ኩርባ ላይ ከሀዲድ ይወጣል፣ መድኃኒቱ የብረት ጎማና ከወለሉ ዝቅ ብሎ የታሰረ ክብደት ነው። መቀየሪያ አታብዙ፣ ለእያንዳንዱ መጎንበስ አለና። ካርዶቹንም ነፋስ እንዳይወስዳቸው በመቆንጠጫ ሰሌዳ ላይ ያዙ።

ሰፊ ቦታ የሌለው እንግሊዛዊው አላን ራይት የፈጠረውን ኢንግልኑክ የተባለ ፉርጎ የማሰለፍ ጨዋታ ይሞክር። ሦስት አጭር ሀዲዶች ናቸው፣ አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ከስምንት ፉርጎ አምስቱን በዕጣ አውጥቶ በወጣላቸው ቅደም ተከተል ማሰለፍ ነው ጨዋታው። የሚቻለው ቅደም ተከተል 6,720 ነው፣ ቦታው ግን ከአንድ የአበባ መደብ አይበልጥም።