«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ለማን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምቱ ሲጠና፣ ጉሙ ከቀትር በኋላ ወርዶ ሰውን ወደየሻይ ቤቱ ሲሰበስበው፣ በቴሌቪዥን የሚታይ ግጥሚያ ባይኖርም የእግር ኳስ ክርክሩ ከጨዋታው ወራት ይልቅ ይበረታል። ማን ማንን ያስፈርማል፣ ማን ይሸጣል፣ የትኛው ክለብ ከተፈቀደለት ወጪ አልፎ ነጥብ ይቀነስበታል የሚለው ወሬ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አይነጥፍም። በዚህ ክርክር መካከል ደጋግሞ ከሚወረወረው አነጋገር አንዱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ክለቡ አጥቂ አጥቶ አጥቂ ሲገዛ ይባላል፤ አጥቂ ሞልቶት ሌላ ሲጨምርም ይባላል፤ ከዓመታት በፊት በጭብጨባ የተቀበሉት ፈራሚ ጉልበቱ ተጎድቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀርም ያው አነጋገር ይመዘዝበታል። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት፣ ተከላካዮቹ ሁሉ ስለተጎዱበት ክለብ ሲናገር፣ «አሁን ደግሞ ተከላካይ ሊገዙ ነው፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ሲል ሰማሁና፣ ችግር ማለት ታዲያ ምን ሊሆን ነው ብዬ በልቤ ጠየቅሁ።

አነጋገሩ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ መንገር ትርፉ ድካም ነው። እኔን ዘወትር የሚያመራምረኝ በውስጡ ያለው እህል ነው። ነገሩ ብድርን ለመንቀፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገብስ ብድር ወይም ባቄላ ብድር ማለት ይቻል ነበር። ጤፍን ለይቶ ያነሣው ሰው ከአንድ የታወቀ አኗኗር ተነሥቶ እንደተናገረ አምናለሁ፤ ያ አኗኗርም እኔ ያደግሁበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው ብዬ ለመከራከር አላፍርም፣ የጎጃም ሰዎች ይህን ሲሰሙ እንደሚቆጡ እያወቅሁም ቢሆን።

መንዝ በብዙ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ውርጭ የማይለየው አገር ነው፤ ጤፍ እንዲህ ያለው ከፍታ አይስማማውም። የአገሩ እህል ገብስ ነው። እንጀራው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ሁሉ ከገብስ ይወጣል። በበልግ ዝናብ የተዘራው በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል፤ የመኸሩ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ጤፍ ግን ከምንጃርና ከመርሐቤቴ ከመሳሰሉት ሞቅ ያሉ ወረዳዎች በአህያ ተጭኖ ገበያ የሚወጣ እህል ነበር። የጤፍ እንጀራ የሚጋገረው ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ወይም ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ነው፤ በሌላው ቀን ሰው የገብሱን እንጀራ በልቶ ያድራል፣ ጠግቦም ያድራል። አነጋገሩ የቆመው በዚህች ላይ ነው፤ በዚያ አገር ጤፍ የሌለው ሰው የራበው ሰው አልነበረም።

ብድር ራሱ ነውር አልነበረም። ነሐሴ ሲገባ፣ በተለይም የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የጎተራው ወለል መታየት ይጀምራል፤ እሸት እስኪደርስ ድረስ ጎረቤት ከጎረቤት መበዳደሩ የተለመደ ነው። አያቴ እህል እንዳመጣ ስትልከኝ ቁናውን ከቤታችን ታስይዘኝ ነበር፤ የየቤቱ ቁና እኩል ስላልሆነ፣ በአንዱ ተሰፍሮ በሌላው ቢመለስ ቅሬታ ይነሣል። አበዳሪዋ ገብሱን እስከ አፉ ትሞላና ከላዩ በመዳፏ ጠረግ ታደርገዋለች። በታኅሣሥ ሲመለስ ግን አያቴ ቁናውን አትጠርገውም፤ ሹል እስኪል ከምራ ታሸክመኛለች፣ መንገድ ላይ ለሚፈሰው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ከላይ የተከመረው ወለድ አይደለም፤ ወለድማ ኃጢአት ነው። የምስጋና ነው። አበዳሪዋም ብትሆን «ኧረ ምነው ይህን ያህል አበዛችው!» ትልና የቆሎ እፍኝ በኪሴ ሳትጨምር አትሰደኝም፤ እኔም ብድር ለመመለስ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ የምነሣው ለዚያ ቆሎ ስል ነበር።

እንዲህ ያለው ብድር የሚከፈለው በአውድማ ነው። የተበደርከው ገብስ ነው፣ ማሳህ ላይ ያለውም ገብስ ነው፤ ሰማዩ ካልከዳህ በቀር ዕዳህ መክፈያው ደጅህ ላይ ሲያድግ እያየኸው ትሰነብታለህ። ጤፍ የተበደረ የደጋ ሰው ግን አውድማው ላይ ጤፍ አያገኝም። ወይ በግ ይሸጣል፣ ወይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ገበያ ያወጣል፣ ወይም ገብሱን በአዝመራው ወራት በርካሽ ሸጦ ጤፍ ይገዛል። በመንደራችን ሁለት ጎተራ ገብስ የነበረው አንድ ቤት ለልጁ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ፣ የገብስ እንጀራ ማቅረብ አሳፍሮት፣ ከገበያ ነጋዴ ጤፍ ተበደረ። እንግዶቹም የደጋ ሰዎች ስለነበሩ የገብሱን እንጀራ ከነወጡ ቢያቀርቡላቸው ማንም ቅር አይለውም ነበር። ጤፉ በአህያ ተጭኖ በበራችን ሲያልፍ አያቴ ጭነቱን ተመልክታ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች፤ አነጋገሩን በጆሮዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አልሳቀችም፤ ያዘነች ነው የመሰለኝ። በጥር ያ ቤት ለመውለድ የተቃረበች በግ ሸጠ።

ስለዚህ የእኔ ግምት እንዲህ ነው፤ አነጋገሩ የተወለደው ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ገበያ ነው፤ የሚነቅፈውም ጎተራው ሳይጎድል፣ ማሳው በማያበቅለው እህል የሚከፈል ዕዳ የሚገባውን ሰው ነው። ማስረጃ አምጣ ብባል የማቀርበው የገብስ ማሳ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ አባት በበኩላቸው ምክንያቱ የጤፍ ማነስ ነው ይላሉ። የጤፍ ፍሬ ሺው ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ በአቁማዳው ስፌት ላይ የመርፌ ቀዳዳ ካለች በእርሷ ያመልጣል፤ ስለዚህ ተበዳሪው ከተሰፈረለት ያነሰ ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ሲመልስ ግን የተሰፈረለትን ያህል ነው ማለታቸው ነው። ግምቱ ያምራል፣ እርሳቸውም ሲያወሩት ያምርባቸዋል፤ ነገር ግን የቸገረውም ሰው ቢሆን ጤፉ በመንገድ ስለሚፈስበት፣ «ሳይቸግር» የሚለው ለምን እንደተጨመረ አይነግረንም። ሦስተኛውን ግምት ከእኔው ጋር አብሬ እይዘዋለሁ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ባለገብሱ እህሉ ሳይነቅዝበት ለጎረቤት ማበደሩ ለራሱም ይበጀዋል፣ ባለጤፉ ግን ዓመት ቢያቆየው አይጎዳምና አይቸኩልም፤ የማይቸኩል አበዳሪ ደግሞ ውሉን እንደ ወደደ ይቆርጣል።

ይህን ሚዛን ይዤ ወደ ዝውውሩ ስሄድ አነጋገሩ ልክ የሚሆንለት ክለብ አላጣም። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት አንትዋን ግሪዝማንን ከአትሌቲኮ ማድሪድ በ120 ሚሊዮን ዩሮ ሲያስፈርም ሊዮኔል ሜሲ አለው፣ ሉዊስ ሱዋሬዝ አለው፣ በውድ የገዛቸው ዴምቤሌና ኩቲንሆም በእጁ ናቸው። የዝውውሩ ዋጋ አንድ ነገር ሆኖ ደመወዙ ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ በየወሩ እንደ አዲስ የሚሰፈር ብድር ነው። በስፔን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጉ ለየክለቡ የሚቆርጠው የቡድን ወጪ ልክ የሚሰላው ከክለቡ ከራሱ ገቢ ላይ ሌላው ወጪና የዕዳ ክፍያ ተቀንሶ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ቤት የሚለካው በራሱ ጎተራ ነው። ወረርሽኙ መጥቶ ስታዲየሙን ባዶ ሲያደርገው ገቢው ወረደ፣ ልኩም አብሮ ወረደ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ክለቡ የሜሲን አዲስ ውል ማስመዝገብ አቅቶት ሜሲ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በዚያው ወር የመጨረሻ ቀን ግሪዝማን በውሰት ወደ አትሌቲኮ ተመለሰ። ጤፉም ወደመጣበት ሄደ፣ ገብሱም ከጎተራው ወጣ። ይህን ታሪክ አያቴ ብትሰማው ኖሮ የኳሱን ሕግ ሳታውቅ ትረዳው ነበር።

የሚገርመው ግን ደጋፊው አነጋገሩን ለ2019 ሳይሆን ለ2022 ማዋሉ ነው። በዚያ ዓመት ባርሴሎና ከሊጉ የቴሌቪዥን ገቢው 25 በመቶውን ለ25 ዓመታት ሸጦ ሌዋንዶውስኪንና ሌሎችን ሲያስፈርም በየሻይ ቤቱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ተባለ። የነገ አዝመራን ዛሬ መሸጥ የሚነቀፍ ሊሆን ይችላል፣ እኔም አልደግፈውም፤ ነገር ግን ሜሲን ያጣ፣ ዕዳ የከበበው ቤት ችግር ላይ ነበር፤ የቸገረውን ሰው በዚህ አነጋገር መምታት አነጋገሩንም ሰውየውንም መበደል ነው። ኖቲንግሃም ፎረስትም ላይ የተፈጸመው ይኸው ነው። ከ23 ዓመት በኋላ በ2022 ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲመለስ፣ ክለቡን ካሳደጉት ተጫዋቾች ብዙዎቹ በውሰት የመጡ ስለነበሩ ወደየክለቦቻቸው ተመለሱ፤ በአንድ ክረምት ከ20 በላይ ተጫዋች ማስፈረሙ ለሣቅ የሚመች ቢሆንም ሜዳ የሚያስገባው ቡድን አልነበረውም። በኋላ ከተፈቀደለት የኪሳራ ልክ አልፎ በ2024 አራት ነጥብ ተቀነሰበት፤ ይህ የሕግ ጥፋት ነው፣ የሕግ ጥፋት ሁሉ ግን የጤፍ ብድር አይደለም።

የአርሰናል ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ አከራካሪ ነው፣ በደብረ ብርሃን የአርሰናል ደጋፊ ከመብዛቱ የተነሣም ጭምር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አሮን ራምስዴልን የመሰለ ግብ ጠባቂ እያለ ዴቪድ ራያ ከብሬንትፎርድ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ውሰት፣ በ27 ሚሊዮን ፓውንድም የመግዛት መብት ሲመጣ አነጋገሩ እንደ ዝናብ ወረደ። ራያ በዚያው የውድድር ዓመት በ16 ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር የወርቅ ጓንቱን ሲወስድ ደግሞ የሰደቡት ሁሉ ዝም አሉ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የራያ ብቃት አነጋገሩን አላፈረሰውም፤ የተበደሩት ጤፍ ጥሩ እንጀራ ወጣው ተብሎ ብድሩ ትክክል አይሆንም። አነጋገሩ ከመጀመሪያውም ያልሠራው በሌላ ምክንያት ነው፤ ክለቡ 27 ሚሊዮኑን ከራሱ አዝመራ መክፈል የሚችል ነበር፣ በቀጣዩ ክረምትም ከፈለ። በሞላ ቤት ላይ መጨመር ቅንጦት ይባላል፤ በማያበቅሉት ካልከፈሉት ግን የጤፍ ብድር አይባልም።

በእርግጥ አነጋገሩን በትክክል የሚጠራው ደጅ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ባለብዙ ገቢውም ባለ ባዶ ካዝናውም በአንድ ቁና ይሰፈር ማለት ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከመግቢያ ትኬትና ከማልያ ሽያጭ ሳይሆን ከከተማ አስተዳደርና ከመሥሪያ ቤት በጀት መሆኑን ላሰበ፣ የደመወዙ ጣሪያ ቁጥር ከፍ ማለቱ ወይም ዝቅ ማለቱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ከራስ ማሳ ያልበቀለው ገንዘብ ሲዘገይ ልጆቹ ያለ ደመወዝ ይሰነብታሉ፤ በክረምቱ ግን ያው ክለብ የወጣቶች ቡድኑን ትቶ ከሌላ ክለብ ስም ያለው ተጫዋች ለማምጣት ይሽቀዳደማል። እዚህ ላይ አነጋገሩን የሚያነሣ ደጋፊ ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር፤ ሁሉም ግን ለንደንንና ባርሴሎናን ሲወቅስ ይውላል።

ወጣቱ ለምን እንደሚስት አይጠፋኝም። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ጤፍ የዘወትር እህል ሆኗል፤ ዋጋው ደግሞ የወር ደሞዝተኛውን አስጨንቆታል፤ ስለዚህ ጤፍ የተበደረ ሰው እውነትም የቸገረው ነው። ገብስ በልቶ ጠግቦ ማደር ያልለመደ ልጅ በአነጋገሩ ውስጥ የሚሰማው «ብድር» የሚለው ብቻ ነው፤ ለቤት ኪራይ የተበደረውንም፣ ለሕክምና የተበደረውንም፣ ግብ ጠባቂ የገዛውንም በአንድ አፍ ይሰድብበታል። ሌላው ጥፋት የጊዜ ነው። አያቴ ያን ቃል ያወጣችው ጤፉ በአህያ ሲያልፍ ነበር፣ በጓ ስትሸጥ አንዳችም አልተናገረችም። የእኛ ተከራካሪዎች ግን ተጫዋቹ ሲፈርም ማልያውን ለመግዛት ይጋፋሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጎል ሲያጣ ነው ጤፉ ትዝ የሚላቸው።