ከካሜራው ጀርባ፦ የቴሌቪዥን ድራማ የኅብረተሰብ ክፍሎችን በምን ይስላል?

አንድ ገፀ ባሕሪ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ ስለ እሱ ብዙ ነገር ወስኗል። ድሃ ይሁን ሀብታም፣ የሚታመን ይሁን የሚያስፈራ፣ የታሪኩ ባለቤት ይሁን አላፊ አግዳሚ። ይህን ውሳኔ ጽሑፉ ብቻውን አያመጣውም። ካሜራው የት ቆመ? መብራቱ ከየት መጣ? ኤዲተሩ የማንን ፊት አስከተለ? ምስጋናውም ወቀሳውም ዘወትር ለደራሲና ለተዋናይ ይሰጣል። ሴቶች፣ ድሆች፣ ጥቁሮች፣ አካል ጉዳተኞች በድራማ እንዴት እንደሚታዩ በመወሰን በኩል ግን የቀረጻ፣ የመብራት፣ የድምፅና የኤዲቲንግ ባለሙያዎች ድርሻ ከሚባለው በላይ ነው።

በካሜራ እንጀምር። ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲያይ ሰውየው ያንሳል፤ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ይገዝፋል። ይህ ለጀማሪ ሁሉ የሚነገር ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። ይበልጥ የሚሠራው ማንም ልብ የማይለው የቁመት ጉዳይ ነው። ካሜራው በቆመ ሰው ዓይን ልክ ከተተከለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠው ሰው በየትዕይንቱ ከላይ ወደ ታች ይታያል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ግን ሰውየው የሚታዘንለት ሆኖ ቀረ። የካሜራው እግር ወደ ተቀመጠው ሰው ዓይን ሲወርድ ደግሞ ቆመው የሚያወሩት ሰዎች ናቸው ጎንበስ ማለት ያለባቸው።

ክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊትን አቅርቦ የሚያሳይ ቀረጻ፣ ማን እንደሚደርሰውም መታየት አለበት። በብዙ ድራማ የቤት ሠራተኛዋ ትሪ ይዛ ትገባለች፣ እጇና ትሪው ይታያሉ፣ ጭንቅላቷ ከፍሬሙ ውጭ ነው። ፊት ያልተሰጠው ሰው ሐሳብ ያለው አይመስልም።

ኤዲቲንግ ላይ ሥሩ ከቴሌቪዥን ይቀድማል። ሩሲያዊው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ አንድን የተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሌላ ምስል ጋር እያፈራረቀ እንዳሳየ ይነገራል። ፊቱ ያው ነው፤ ተመልካቹ ግን ረሃብም ሐዘንም አየበት። በድራማ ይህ ዕለታዊ ሥራ ነው። አንዲት ሴት ስትሰደብ ካቱ (ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሻገሪያው) ወደ እሷ ፊት ከሄደ ከእሷ ጋር እናፍራለን። ወደሚስቁት ሰዎች ከሄደ ሳናስበው አብረን ስቀናል። ቃለ ተውኔቱ አንድ ፊደል አልተለወጠም።

የመብራት ታሪክ በደንብ መነገር አለበት። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1951 የጀመረው የአሜሪካው ኮሜዲ አይ ላቭ ሉሲ በስቱዲዮ ታዳሚ ፊት በ3 የፊልም ካሜራ ይቀረጽ ነበር። የቀረጻ ኃላፊው ካርል ፍሮይንድ 3ቱም ካሜራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ከላይ የሚወርድ ለሁሉም እኩል የሆነ ብርሃን ዘረጋ። ድንቅ ሥራ ነው፣ ለዓመታትም መሠረት ሆነ። ግን አንድ ብርሃን ለሁሉም ቆዳ እኩል አይሆንም። የፊልሙም ኬሚካል ነጭ ቆዳን ታሳቢ አድርጎ የተቀመመ ነበር። የፎቶ ላብራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት፣ ሸርሊ ካርድ የሚባለው የኮዳክ ናሙና ላይ ያለችው ለረጅም ጊዜ ነጭ ሴት ነበረች። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ተዋናይ ጎን ለጎን ሲቆሙ የጥቁሩ ፊት ዝርዝር ይጠፋል፤ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። ፊልሙ እንዲሻሻል የገፋፉት ቡናማው ቀለም አልለይ ያላቸው የቸኮሌትና የቤት ዕቃ አምራቾች ናቸው ይባላል።

በድምፅ በኩል ዘዬ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 የጀመረው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ኮሮኔሽን ስትሪት የሰሜን እንግሊዝ ሠራተኛ ሰፈርን በራሱ አነጋገር አመጣ። ዘዬ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ማሳቂያ ነበር። እዚህ ግን የሚፈቀርም የሚያለቅስም ሰው በዚያው ዘዬ ተናገረ። ተከታታዩ በ2020 ከ10,000 ክፍል አልፏል።

እንደ እንግሊዙ ድራማ ካቲ ከም ሆም ግን የቴክኒክን ጉልበት ያሳየ የለም። ቢቢሲ ኅዳር 16 ቀን 1966 አስተላለፈው፣ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ዳይሬክተሩ ኬን ሎች፣ የቀረጻ ባለሙያው ቶኒ ኢሚ ነበሩ። ቤት ያጡ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። የዚያ ዘመን ድራማ ባብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ ተዘግቶ ይሠራ ነበር። ኢሚ ቀላሏን 16 ሚሊሜትር ካሜራ ይዞ ወደ ጎዳና ወጣ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ከፊት ያልፋል፣ በላዩ ላይ የእውነተኛ ነዋሪዎች ድምፅ ይሰማል። ተመልካቹ ዜና እያየ መሰለው። ድሃው ራሱ ያመጣው ችግር ነው የሚለውን የቆየ ሐሳብ የነቀነቀው ይህ አቀራረብ ነው። ሼልተር የተባለው የቤት አልባዎች ድርጅት ከ2 ሳምንት በኋላ ሲቋቋም ብዙዎች ድራማው ወለደው አሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ የድርጅቱ ዝግጅት ቀድሞ የተጀመረ ነው። ድራማው የሰጠው ሰሚ ሕዝብ ነው። በሌላ በኩል የሰነድ ፊልም መልክ ይዞ ልብ ወለድ ማሳየት ተመልካችን ማሳሳት ነው የሚል ትችት ያኔም ነበር፣ አሁንም አልቆመም።

በላቲን አሜሪካ በ1969 የወጣው የፔሩ ተከታታይ ድራማ ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ የቤት ሠራተኛን ዋና ባለታሪክ አደረገ። በ1977 ደግሞ ሩትስ የተባለው ድራማ በአሜሪካ ለ8 ተከታታይ ሌሊት የባርነትን ታሪክ ከተገዙት ሰዎች ወገን ሆኖ ተረከ።

የንድፈ ሐሳቡ ነገር አጭር ነው። የፊልም ተመራማሪዋ ሎራ መልቪ በ1975 ካሜራ ሴትን በወንድ ዓይን እንደሚያይ ጻፈች፤ የጻፈችው ስለ ሲኒማ ቢሆንም ለድራማም ይሠራል። የባህል ተመራማሪው ስቱዋርት ሆል በ1973 ተመልካች የተላከለትን ትርጉም ሊቀበል፣ ሊደራደርበት ወይም ሊቃወም ይችላል አለ። እውነት ነው፤ ሆኖም ለመቃወምም የገፀ ባሕሪው ፊት መታየት አለበት።

ይህን በተግባር ያሳየችው የአሜሪካው ተከታታይ ኢንሴኪዩር የቀረጻ ባለሙያ አቫ በርኮፍስኪ ናት። ተከታታዩ በ2016 ጀመረ፣ ባለታሪኮቹ ባብዛኛው ጥቁሮች ናቸው። እሷ መብራቱን ፊታቸው ላይ ዝም ብላ አላበዛችውም። ከሰሌዳና ከጨርቅ ላይ አንጥራ አለሰለሰችው፣ ሜካፑም ቆዳቸው ብርሃን እንዲመልስ ተደርጎ ተዘጋጀ። በምሽት ትዕይንት፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የ2 ሰዎች የተለያየ ጥቁረት በግልጽ ተለይቶ ይታያል።