ቴል ምንድን ነው? ቤት በቤት ላይ ያደገ ጉብታ

ቡልጋሪያ ውስጥ፣ ከኖቫ ዛጎራ ከተማ አቅራቢያ፣ ካራኖቮ የሚባል መንደር አለ። እዚያ ሜዳው ላይ አንድ ጉብታ ይታያል። ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው፤ የአራት ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። ተፈጥሮ የሠራው አይደለም። ልከምረው ብሎ የከመረውም ሰው የለም። ሰዎች እዚያው ቦታ ላይ ለሺዎች ዓመታት ቤት እየሠሩ ሲኖሩ በራሱ ጊዜ ያደገ ነው።

አርኪዮሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ጉብታ ቴል ይሉታል። ቃሉ በዓረብኛም በዕብራይስጥም አለ፤ የቴል አቪቭ "ቴል" ራሱ ነው። ቡልጋሪያውያን ሞጊላ ይሉታል፤ ቃሉ ግን የመቃብር ጉብታንም ስለሚጠራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ቤት እንዴት ጉብታ ይሆናል? ነገሩ ያለው ጭቃው ላይ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እንጨት ይተከላል፣ ይማገራል፣ ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ከ8000 ዓመት በፊት ገደማ ባልካን (ደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ) ውስጥ የሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎችም ቤታቸውን በዚሁ ዓይነት ዘዴ ይሠሩ ነበር። ቤቱ ሲያረጅ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ተለቅሞ ለሌላ ቤት ይውል ነበር። የፈረሰ ጭቃ ግን ማን ይሸከማል? ይደለደልና አዲሱ ቤት እላዩ ላይ ይቆማል። አመዱ፣ ገሉ፣ አጥንቱ እዚያው ይቀራል።

የተቃጠለ ቤት ደግሞ ለቆፋሪው ሲሳይ ነው። እሳቱ ምርጉን እንደ ሸክላ ያበስለዋል። እንጨቱ አመድ ቢሆንም የማገሩና የጭዱ አሻራ ምርጉ ላይ ታትሞ ይገኛል። የተቃጠሉ ቤቶች ስለበዙ፣ ሰዎቹ ሆን ብለው አቃጥለዋቸው ይሆን የሚል ክርክር አለ። እኔ ሁሉንም በአንድ ምክንያት ማሰር አይዋጥልኝም። እንጨትና ምድጃ አንድ ላይ በሚኖሩበት ቤት እሳት መች ይጠፋል?

ቴል የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። የታችኛው ይቀድማል፤ የላይኛው ይከተላል። ቡልጋሪያዊው አርኪዮሎጂስት ጆርጂ ጆርጂዬቭ የካራኖቮን ንብብር በ7 ዘመናት ከፍሎት ለአካባቢው ሁሉ እንደ መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። በእርግጥ የኋለኞቹ ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ የታቹን ወደ ላይ ያመጡታል፤ ቆፋሪው ይህን ካላስተዋለ ጉድ ይሆናል።

ይህ ቅደም ተከተል አንዴ ትልቅ ክርክር ፈትቷል። ብዙ ሊቃውንት የባልካን የመዳብ ዘመን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካለችው ጥንታዊ ከተማ፣ ከመጀመሪያዋ ትሮይ (ከታችኛው ንብብሯ) ጋር እኩያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የጥንት ቅሪትን ዕድሜ በውስጡ ባለው ካርቦን የሚለካው ዘዴ፣ የካርቦን ልኬት፣ መጥቶ የባልካኑን ከ1000 ዓመት በላይ አስቀደመው። ማመን ከበዳቸው። ከ1968 እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) አርኪዮሎጂስቶቹ ኮሊን ሬንፍሪውና ማሪያ ጊምቡታስ ሰሜን ግሪክ ውስጥ ሲታግሮይ የሚባል ቴል ቆፈሩ። የባልካኑ ዓይነት ሸክላ ከታች ወጣ፤ የትሮይን ዘመን የሚመስለው ከላይ። በመካከላቸውም ሌላ ንብብር ነበር።

ቀድሞ የባልካን መዳብ አቅላጮች ሙያውን ከትሮይ በኩል ተማሩ ይባል ነበር። እነሱ መዳብ ሲያቀልጡ ግን ትሮይ ገና አልተቆረቆረችም።