አምቡላንስ ላይ ያለው ባለሙያ ማነው? ስለ ጊዜያዊ ፓራሜዲክና ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጥቁር አንበሳ በር እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ባለው መንገድ አምቡላንስ ሳይጮህ የሚያልፍ ቀን የለም። ድምፁን ሁላችንም ለምደነዋል። ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደተማረ፣ በምን ዓይነት ውል እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የታማሚ ቤተሰብ ተጨንቆ የሚናገረውን፣ ታክሲ ውስጥ የሚባለውን፣ ሙያውን ሊማሩ ያሰቡ ወጣቶች የሚጠይቁኝን ስሰማ ብዙው የተሳሳተ ነው። በተለይ ስለ ጊዜያዊ ፓራሜዲኮች፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ተቀጥረው ከሆስፒታል ውጪ ድንገተኛ ሕክምና ስለሚሰጡ ባለሙያዎች፣ የሚባለው ያሳዝነኛል። አንድ በአንድ ልሂድበት።

«አምቡላንስ ትልቅ ታክሲ ነው፤ ሥራው ማድረስ ብቻ ነው»

ሌሎቹ ስህተቶች በሙሉ የሚበቅሉት ከዚህ ነው። አምቡላንሱ ገና ሲቆም «ቶሎ ጫኑትና ሂዱ!» ይባላል። ባለሙያው ተንበርክኮ መመርመር ሲጀምር «ምን ትጠብቃለህ?» የሚል ጩኸት ይከተላል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ከፒያሳ አንስቶ ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ የሚያደርስ መኪና የለም። ስለዚህ ደረት መጫኑ እዚያው ወለሉ ላይ መጀመር አለበት። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች። ይህን በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ በደንብ መሥራት በጣም ከባድ ነው።

ከእጁ ወይም ከእግሩ ደም እየፈሰሰ ያለ ሰውም መጀመሪያ ደሙ ይቆምለታል፣ ከዚያ ይጫናል። አየር መተላለፊያው የተዘጋበት ሰው መጀመሪያ ይከፈትለታል። በሌላ በኩል ሆዱ ውስጥ እየደማ ያለ ሰው መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እዚያ ላይ መዘግየት አይገባም፣ ባለሙያውም አይዘገይም። የትኛው ባለበት እንደሚታከም፣ የትኛው ይዘውት እንደሚሮጡ በደቂቃዎች ውስጥ መለየት፣ ሙያው እሱ ነው።

«ዶክተር መሆን ያቃተው ነው ፓራሜዲክ የሚሆነው»

አይደለም። ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን በደረጃ 4 ይሠለጥናል፣ ሲጨርስም ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይፈተናል። ከነርስነት ተነስተው በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ማስተርስ የሚሠሩም አሉ። ሐኪሞች ደግሞ በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋሉ። ይህ የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሙያው ለአገራችን ገና ወጣት ስለሆነ ሕዝቡ በደንብ አለማወቁ አይገርምም።

የግል አምቡላንስ አገልግሎቱም እንዲሁ አዲስ ነው። ሰመመን ሰጪ ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በገዟቸው አምቡላንሶች ጠብታ አምቡላንስን የመሠረቱት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤት ሸጦ አምቡላንስ የገዛን ሰው «ዶክተር መሆን ስላቃተው ነው» ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ሁሉም አምቡላንስ ላይ ፓራሜዲክ አለ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ላይ ነርስ፣ አንዳንዱ ላይ ቴክኒሻን ይኖራል። አንዳንዱ ላይ ያለው የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሹፌር ብቻ ነው። «ሙያህ ምንድን ነው?» ብሎ በትህትና መጠየቅ መብታችሁ ነው።

«ጊዜያዊ ከሆነ ጀማሪ ነው»

ጊዜያዊ የሚለው ውሉን እንጂ ችሎታውን አይገልጽም። በአዲስ አበባ መሀል ጊዜያዊ ባለሙያ መቼ እንደሚፈለግ አስቡት። መስከረም 16 ለደመራ መስቀል አደባባይ ሲሞላ። ጥር ላይ ጃን ሜዳ ጥምቀት ሲከበር። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ። ኮንሰርት ሲኖር፣ ትልቅ ግንባታ ሲጀመር፣ ቋሚዋ ሠራተኛ ወሊድ ፈቃድ ስትወጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ድንገተኛ ክፍል ዲዩቲውን ጨርሶ የእረፍት ቀኑን የሚሠራ ነርስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንዱን ኮንትራት ጨርሶ ሌላውን የሚጠብቅ ቴክኒሻን።

እንዲያውም ጊዜያዊው ላይ የሚጨመር ሸክም አለ። ቋሚው ሰው መኪናውን ያውቀዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጓንት ያወጣል። ጊዜያዊው ግን ዛሬ በዚህ መኪና፣ ነገ በሌላ ነው። አብሮት ያለውን ሹፌር ላያውቀው ይችላል። ጎበዝ ጊዜያዊ ፓራሜዲክ ተረኛነቱ ሳይጀምር ቀድሞ ይደርስና እያንዳንዱን ቦርሳ ይከፍታል። የኦክስጅን ሲሊንደሩን ጌጅ ያያል፣ ቫልቩን ከፍቶ ይሞክራል። አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) የሕፃን መጠን ያለውም መኖሩን ያረጋግጣል። ሰክሽኑ (ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚስበው መሣሪያ) ይስብ እንደሆነ፣ ቃሬዛው ይቆለፍ እንደሆነ ይፈትሻል። የጎደለውን ጽፎ ለኃላፊው ይሰጣል። ይህን ሲያደርግ «አዲስ ስለሆነ ፈርቶ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ የምወዳቸው የሙያ ጓደኞቼ እንዲህ ያሉት ናቸው።

«ጊዜያዊ ሠራተኛ መብት የለውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣት የሚጎዳው በዚህ ነው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።) በአዋጁ መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው። በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሠራተኛ መተካት፣ ከተለመደው ውጪ የበዛ ሥራ መሸፈን፣ ወቅታዊ ሥራ መሥራት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ የአምቡላንስ ተረኛነት እየሠራችሁ በየሦስት ወሩ «ጊዜያዊ ነህ» እየተባለ ውል የሚታደስላችሁ ከሆነ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ያው አሠሪ ለዚያው ሥራ መልሶ ሲቀጥራችሁ ደግሞ እንደገና ሙከራ ላይ ሊያስቀምጣችሁ አይችልም። በየዓመቱ ለበዓል ወቅት እየተጠሩ ሁልጊዜ «ሙከራ ላይ ናችሁ» የሚባሉ ልጆች ይህን ይያዙ።

የትርፍ ሰዓት ክፍያም ለጊዜያዊው ይሠራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ መደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5 ይባዛል። ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ራሳችሁ መዝግቡ። በመዝገብ የሌለ ሰዓት ማስከፈል ከባድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን መርፌ ነው። ታማሚ እየተንፈራገጠ ሳለ መርፌ እጁን የወጋው ጊዜያዊ ባለሙያ «ቋሚ ስላልሆንኩ ማን ያክመኛል» ብሎ ዝም ይላል። ዝም አትበሉ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የአሠሪው ኃላፊነት ነው፣ የውሉ ዓይነት አይቀይረውም። ቁስሉን በውኃና በሳሙና ታጥባችሁ ወዲያው ሪፖርት አድርጉ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ነው፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ደግሞ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ተከተቡ። ስድስት ወር የሚፈጅ ሦስት ዙር ስለሆነ ቀጣሪ እስክታገኙ አትጠብቁ።

«ውስጡ ታማሚ ሳይኖር ሳይረን የሚያበራው ለመቸኮል ነው»

ባዶ የሚሮጠው ታማሚውን ሊያመጣ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ከሁሉ አስቸኳይ የሆነው ያ ጉዞ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ያለው ሰው ገና ማንም አልነካውም። መንገድ ልቀቁለት።

«ቅርብ ያለው ሆስፒታል ይሻላል»

አንዳንዴ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስታዲየም አካባቢ መኪና የገጨውን ወጣት አስቡት። እዚያ ቅርብ ያለው ጋንዲ ነው፤ ጋንዲ ደግሞ የእናቶች ሆስፒታል ነው። ለከባድ አደጋ የሚታሰበው ጥቁር አንበሳ ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ነው። ምጥ የያዛት እናት ከሆነች ደግሞ ጋንዲ ትክክለኛው ቦታ ነው። ባለሙያው በስልክ ሲያወራ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ከሊያዞን (የሆስፒታሉን የታማሚ ቅበላና ዝውውር ከሚያስተባብረው ክፍል) ጋር አልጋ እያጣራ ነው። ሳያጣሩ ሄዶ ከበር መመለስ የሚወስደው ጊዜ ከዚያ ስልክ ይበልጣል። ቤተሰብ «ወደ እንትን ውሰዱት፣ እዚያ ዘመድ አለን» ሲል አውቃለሁ። ዘመድ መኖሩ ጥሩ ነው። ቀዶ ሐኪም መኖሩ ግን ይቀድማል።

«የትራፊክ አደጋ ተጎጂን ፖሊስ ሳይመጣ መንካት ያስጠይቃል»

ይህ ፍርሃት ሰው ይገድላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 የሚቀጣው ተቃራኒውን ነው። ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ ራስን ለአደጋ ሳያጋልጡ መርዳት እየተቻለ፣ ሆን ብሎ ትቶ መሄድ ያስቀጣል። ደም ከሚፈስበት ቦታ ላይ ንጹህ ጨርቅ አድርጎ አጥብቆ መጫን ማንም የሚችለው እርዳታ ነው። እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ከሌለ ግን ተጎጂውን አትጎትቱት፣ አንገቱንም አታንቀሳቅሱት። ውኃም አታጠጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

«ገንዘብ ከሌለው አይታከምም» የሚለውም ተያይዞ ይነሳል። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ የጎዳው ሰው እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ይህ የመጀመሪያውን በር ይከፍታል።

«የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት ማሽተት ነው»

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ካዛንቺስ የማይሞክረው የለም፣ ሁሉም በቅንነት ነው። የክብሪት ጭስ ምንም አይጠቅምም፣ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፣ ፊትም ሊያቃጥል ይችላል። ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አታስገቡ። በዙሪያው ያለውን ጠንካራ ዕቃ አርቁ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ተመልከቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ጥሩ።

«ደም የማይፈራ ሰው ለሥራው ይበቃል»

ደም በሳምንት ይለመዳል። የማይለመደው ሌላ ነው። ሊፍት በሌለው የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ከአራተኛ ፎቅ ሰው ማውረድ አለ። የምታለቅስ እናትን አረጋግቶ «ልጁ ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ብሎ መጠየቅ አለ። በማይመች መኪና ውስጥ የሰጡትን መድኃኒትና ሰዓቱን በትክክል መጻፍ አለ። ሌሊት ያዩትን ይዞ ጠዋት ቤት መግባት አለ። ጊዜያዊው ደግሞ አብሮት የሚያወራ የሥራ ባልደረባ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ከሙያው ሰዎች ጋር ሆን ብሎ መገናኘት አለበት።

«ስልክ ያነሳው ሰው ጥያቄ ሲያበዛ ጊዜ እየገደለ ነው»

907 ቀይ መስቀል ነው፣ 939 የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር፣ 8035 ጠብታ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነጻ ናቸው፣ ጠብታ የግል ስለሆነ ይከፈልበታል። የትኛውም ጋ ብትደውሉ ትጠየቃላችሁ። ይተነፍሳል? ይናገራል? ስንተኛ ፎቅ ነው? መልሳችሁ ባለሙያው ምን ይዞ እንደሚወርድ፣ ተሸካሚ ሰው ያስፈልግ እንደሆነ ይወስናል።

አድራሻ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ የምናውቃቸው ብዙ ምልክቶች ፈርሰዋል። «ከድሮው ዳቦ ቤት ገባ ብሎ» የሚለው አቅጣጫ ለአዲስ ሹፌር፣ ለጊዜያዊ ባለሙያም ምንም አይነግረውም። ዛሬ ቆሞ ያለ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ጥቀሱ። ከስልክ ከቻላችሁ ያላችሁበትን ቦታ በካርታ ላኩ። ስልኩን ክፍት አድርጉ፣ መስመሩን በሌላ ጥሪ አትያዙ። አንድ ሰው ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ፣ ሌላው የታማሚውን መድኃኒቶችና የሆስፒታል ካርድ በፌስታል ይሰብስብ።