በረኪና ምንድን ነው? ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

በረኪና ማለት ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ሱቅ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥንካሬው 5 በመቶ አካባቢ ነው። ዓረብ አገር ሠርታ የመጣች ሁሉ ክሎሮክስ ብላ የምታውቀውም ይኸው ነው።

ሥራው ጀርም መግደል ነው። ቅባትና እድፍ ማንሳት የሳሙና ሥራ ነው። ቆሻሻ ላይ ካረፈማ ጉልበቱን እዚያው ይጨርስና ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ዶሮ የተበለተበትን መክተፊያ እንውሰድ። ስቡና ደሙ ሳይነሳ በረኪና ቢደፉበት ሽታው ቤቱን ይሞላል እንጂ መክተፊያው አይጸዳም። መጀመሪያ በላርጎና በሙቅ ውሃ ፈትጎ ማጠብ፣ ማለቅለቅ። ከዚያ የቀጠነ በረኪና ማልበስ። ከዚያ መጠበቅ። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህን መጠበቁን ነው፤ አፍስሰን ወዲያው እንወለውለዋለን። 10 ደቂቃ እንደረጠበ ይቆይ፣ በመጨረሻም በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ።

መጠኑስ? 5 በመቶ ከሆነ ለወጥ ቤት 4 የሻይ ማንኪያ ለ1 ሊትር ውሃ ይበቃል። ደም ወይም ትውከት የነካው የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲሆን 1 ኩባያ በረኪና በ9 ኩባያ ውሃ ይቀጠናል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቀት በረኪናን ያደክመዋል። የተበጠበጠውም ሲያድር ስለሚደክም የዕለቱን ብቻ አዘጋጁ። ሳታቀጥኑ ብትደፉት እጃችሁን ያቃጥላል፣ ብረቱንም ያዝገዋል።

አቼቶና ሎሚ ሌላ ሙያ አላቸው። ቧንቧ ዙሪያና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ግሩም አድርገው ያሟሙታል። ጀርም መግደል ላይ ግን አይታመኑም። አቼቶን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር መቀላቀልም አረፋው ያምራል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። ለየብቻ ብትጠቀሙባቸው ይሻላል።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። በረኪናን ከአቼቶም ከሎሚም አትቀላቅሉ። ሽንት ቤት ከሚደፋው አሲድ ጋርማ በፍጹም! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። መስኮት በሌላት ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም አብሮት አይሄድም። ዓይናችሁ ከተቃጠለና ሳል ከጀመራችሁ ሥራውን ጥላችሁ ውጡ። በሩን ክፍት ተዉት፣ አየሩ እስኪለወጥ አትመለሱ።

የተረፈውን ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ድንገት ከጠጣም እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ አፉን በውሃ አለቅልቃችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።